ላይትኮይንና ዶጅኮይን፦ ተቀናቃኞቹ አንድ ማሽን የተጋሩበት ጉዳይ

"አዲስ ኮይን በየቀኑ ይፈለፈላል፤ ታዲያ አንዱ አንዱን አይበላውም ወይ?" ክሪፕቶ በሚባለው የዲጂታል ገንዘብ ዓለም ውስጥ ትንሽ የቆየ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህን ይጠይቃል። መልሱን የሚፈልገው ደግሞ ዋጋ ሰሌዳው ላይ ነው። ይሄኛው ወጣ፣ ያኛው ወረደ፣ በቃ ይሄኛው ያንን እየገደለው ነው ይላል።

እንደኔ እንደኔ ዋጋው ስለዚህ ነገር ብዙ አይናገርም። ቢትኮይን ሲወድቅ አብዛኞቹ ተከትለውት ይወድቃሉ፤ ሲነሳም አብረው ይነሳሉ። ጠላትነቱም ወዳጅነቱም በደንብ የሚታየው ከሥር፣ ኮይኑን የሚጠብቁት ማሽኖች ዘንድ ነው። ማሽኑ ውድ ነው። መብራቱ ውድ ነው። ሁለት ኮይኖች ያንኑ ማሽን ከፈለጉ ደግሞ ማሽኑ የግድ መምረጥ አለበት፤ ወይ ለዚህ ይሠራል፣ ወይ ለዚያ። ግን ሳይመርጥ ለሁለቱም መሥራት ቢችልስ?

ይህ ጥያቄ በ2014 እውነተኛ ፈተና ሆኖ መጣ። ባለጉዳዮቹ ላይትኮይንና ዶጅኮይን ናቸው። አንዱ ኮስታራ፣ ሌላው ቀልደኛ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የዘር ሐረጉ

ላይትኮይንን በኦክቶበር 2011 ያወጣው ቻርሊ ሊ ነው፤ ያኔ የጉግል ኢንጂነር ነበር። ኮዱን ከቢትኮይን ወሰደና ጥቂት ነገር ለወጠ። የቢትኮይን ጠቅላላ ብዛት 21 ሚሊዮን ሲሆን የላይትኮይን 84 ሚሊዮን ሆነ። ቢትኮይን በአማካይ በ10 ደቂቃ አንድ ብሎክ (አንድ ገጽ የዝውውር መዝገብ) ሲያወጣ፣ ላይትኮይን በ2 ደቂቃ ተኩል። "ቢትኮይን ወርቅ ከሆነ ላይትኮይን ብር ነው" የሚለው መፈክር የመጣው ከዚህ ነው።

ለኛ ጉዳይ ግን ዋናው ለውጥ ሌላ ነው። ቢትኮይን ሻ-256 በሚባል ስሌት ይጠበቃል። ላይትኮይን ስክሪፕት የሚባለውን መረጠ። ስክሪፕት ብዙ ሜሞሪ ይፈልጋል፤ ሐሳቡም ተራ ኮምፒውተር ያለው ሰው እንዳይገፋ ነበር። በውጤቱ የላይትኮይን ማይነርና የቢትኮይን ማይነር (ስሌቱን በማሽኑ እየሠራ ኮይኑን የሚጠብቅ፣ ለዚያም የሚከፈለው ሰው) በማሽን መሻማታቸው እየቀነሰ ሄደ። ለየስሌቱ ልዩ ማሽን ሲሠራ ደግሞ ጭራሽ ተለያዩ። "ብሩ" ከ"ወርቁ" ጋር በሰላም የኖረው በመፈክሩ ብቻ አይደለም፤ የሚያጣላ ማሽንም አልነበራቸውም።

ዶጅኮይን በዲሴምበር 2013 መጣ። ጃክሰን ፓልመር ሲድኒ ሆኖ ትዊተር ላይ ቀለደ፤ ቢሊ ማርከስ ኦሪገን ሆኖ ቀልዱን ኮድ አደረገው። ዓርማው የጃፓን ውሻ ፎቶ ነው። ኮዱ የተቀዳው ላኪኮይን ከሚባል ሌላ ኮይን ነው፤ ላኪኮይን ደግሞ ከላይትኮይን የተቀዳ። ስለዚህ ዶጅኮይን የላይትኮይን ዘር ነው ማለት ይቻላል። ስክሪፕትንም የወረሰው በዚሁ መንገድ ነው።

ቀልዱ ሰው ሰበሰበ። ሬዲት ላይ ሰዎች ለወደዱት አስተያየት ዶጅኮይን ጉርሻ ይሰጣጡ ጀመር። በጃንዋሪ 2014 የጃማይካ የቦብስሌድ ቡድን ወደ ሶቺ ኦሊምፒክ እንዲሄድ አዋጡ። ኬንያ ውስጥ በታና ወንዝ አካባቢ ለውኃ ጉድጓድ ገንዘብ ሰበሰቡ። በሜይ ወር ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አንድ የእሽቅድምድም መኪና ውሻው ተስሎበት ሮጠ። ላይ ላዩን ሲታይ በዚያን ጊዜ ከዶጅኮይን የበለጠ ጤነኛ ኮይን አልነበረም።

ከሥር ያለው ችግር

ኮይኑ በየደቂቃው አንድ ብሎክ ያወጣል። ብሎኩን ያገኘ ማይነር ሽልማት ይወስዳል። መጀመሪያ ላይ ሽልማቱ ዕጣ ነበር፤ ከዜሮ እስከ አንድ ሚሊዮን ዶጅ ሊደርስ ይችላል። በማርች 2014 ዕጣው ቀረና 250,000 ሆኖ ተቆረጠ። ግን በየ100,000 ብሎኩ ሽልማቱ በግማሽ ይቀንሳል። መቶ ሺህ ደቂቃ ማለት 70 ቀን ገደማ ነው። በኤፕሪል መጨረሻ 125,000 ሆነ። በጁላይ 62,500። ቀጥሎ 31,250 ይሆናል፣ ከዚያ 15,625።

ላይትኮይንም ሽልማቱን በግማሽ ይቀንሳል። የእሱ ግን በአራት ዓመት አንዴ ነው።

አሁን ራሳችሁን ማይነር አድርጉ። ቤታችሁ ውስጥ ስክሪፕት የሚሠራ ማሽን አለ። ማሽኑ ላይትኮይንንም ዶጅኮይንንም ይሠራል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዞር የሚያስፈልገው የፑሉን (ማይነሮች ኃይላቸውን አዋጥተው አብረው የሚሠሩበትን ቡድን) አድራሻ መቀየር ብቻ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አንዱ በ70 ቀን ደሞዛችሁን በግማሽ ይቆርጣል፣ ሌላው ባለበት ነው። የዶጅ ዋጋ ደግሞ እየወረደ ነው። የት ትሄዳላችሁ? ለውሻው ያላችሁ ፍቅር የመብራት ሂሳብ አይከፍልም።

ማይነሩ ራሱ እንኳ መወሰን አያስፈልገውም ነበር። "መልቲፑል" የሚባሉ አገልግሎቶች የትኛው ኮይን አሁን ያዋጣል እያሉ ማሽኖችን በጅምላ ያዞሩ ነበር። ዶጅ ባዋጣ ሰዓት ይወርራሉ፣ ሲከብድ ጥለው ይወጣሉ። በተለይ መጀመሪያ ላይ የዶጅኮይን ስሌት ክብደት (ብሎክ ለማግኘት የሚጠይቀው ድካም) የሚስተካከለው በየአራት ሰዓቱ ስለነበር፣ ወራሪዎቹ ወፍራሙን ወስደው ሲሄዱ ታማኞቹ ከከባዱ ስሌት ጋር ይቀሩ ነበር።

ይህኛው ክፍል መፍትሔ ያገኘው ከሌላ ተቀናቃኝ ነው። ዲጂባይት የሚባል ኮይን በዚያው ሰሞን ዲጂሺልድ የተሰኘ ዘዴ አወጣ፤ ክብደቱ በየብሎኩ ይስተካከላል። ዶጅኮይን በማርች ወር ወስዶ ተጠቀመበት። ኮዱ ክፍት ነው፣ ማንም አይከለክልም። እዚህ ሰፈር ተቀናቃኞች እርስ በርስ የሚጠቃቀሙበት አንዱ መንገድ ይህ ነው፤ አንዱ የሞከረውን ሌላው አይቶ ይወስዳል። ላይትኮይንም ኋላ ለቢትኮይን እንዲሁ አድርጓል። ሴግዊት የሚባለውን ማሻሻያ በሜይ 2017 ቀድሞ አስጀመረ። ቢትኮይን ላይ በኦገስት ሲገባ እውነተኛ ገንዘብ በያዘ መረብ ላይ ሦስት ወር ተሠርቶበት ነበር።

ዲጂሺልድ ግን የሽልማቱን ማሽቆልቆል አያቆምም። ማሽን ሲሸሽ ደግሞ አደጋው ገቢ ማጣት ብቻ አይደለም። ኮይን የሚጠበቀው በማሽን ብዛት ነው። ከጠቅላላው ኃይል ከግማሽ በላይ የያዘ ሰው የራሱን የተለየ የብሎክ ሰንሰለት በስውር ሠርቶ፣ ከዋናው አስረዝሞ ማውጣት ይችላል። ያኔ ከፍሎ የነበረውን ገንዘብ እንዳልከፈለ ያደርገዋል። ዶጅኮይን ባነሰ ቁጥር ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ኃይል እየቀነሰ ይሄዳል። ኃይሉ ደግሞ ጎረቤት ተቀምጧል፤ ላይትኮይን ላይ። የጎረቤቱ ማሽን ቁራጭ ለጊዜው ቢዞር ውሻውን ለመጣል ይበቃ ነበር።

ስለዚህ "አንዱ አንዱን አይበላውም ወይ" ለሚለው የዚያ ሰሞን መልስ "ይበላዋል" ነበር። ላይትኮይን ምንም ክፋት ሳይኖረው፣ በመኖሩ ብቻ ለዶጅኮይን አደጋ ነበር።

የተቀናቃኙ ሐሳብ

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። በኤፕሪል 2014 መፍትሔ ይዞ የመጣው ራሱ ቻርሊ ሊ ነው። ሐሳቡ አጭር ነበር፦ ዶጅኮይን ከላይትኮይን ጋር የጋራ ማይኒንግ ይጀምር። አንድ ማሽን በአንድ ሥራ ሁለቱንም ይጠብቅ፣ ከሁለቱም ይከፈለው።

ለሱ ምን ይጠቅመዋል? የስክሪፕት ማሽን ያለው ሰው ተጨማሪ ገቢ ካገኘ ላይትኮይን ላይም ይቆያል። ኃይሉ ለሁለት ከሚከፈል አንድ ላይ ቢሆን ለሁለቱም ጥበቃው ይጠነክራል። ሰውየው ጽድቅ ፍለጋ አልመጣም፤ ግን የሱ ጥቅም ከዶጅኮይን ጥቅም ጋር ገጠመ።

የዶጅኮይን ሰፈር ወዲያው እሺ አላለም። ጥርጣሬው አይፈረድበትም። የተቀናቃኝ ኮይን ባለቤት መጥቶ "መሞታችሁ ነው፣ እኔ ዘንድ ተጠጉ" ሲል ማን ደስ ይለዋል? የላይትኮይን ተቀጥላ እንሆናለን ያሉ ነበሩ። የላይትኮይን ማይነር ለውሻው ግድ ስለሌለው ያገኘውን ዶጅ ወዲያው ገበያ ላይ ይጥለዋል፣ ዋጋው ይወድቃል ያሉም ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ ስሌቱን ቀይረን የራሳችንን ማሽን እንያዝ አሉ።

ሦስተኛው ሐሳብ ከሁሉም የሚያጓጓ ይመስላል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ለስክሪፕት ብቻ የተሠሩ ልዩ ማሽኖች ገበያውን እያጥለቀለቁ ነበር። ስሌት መቀየር ማለት እነዚያን ሁሉ አባርሮ ከግራፊክስ ካርድ እንደገና መጀመር ነው። ሽልማቱ በየ70 ቀኑ ግማሽ እየሆነ ባለ ኮይን ላይ አዲስ ሠራዊት መመልመል ቀላል አይሆንም።

ስለ "ይጥሉታል" ፍርሃት ደግሞ የኔ አስተያየት ይህ ነው፦ መልቲፑሎቹ ድሮም ይጥሉት ነበር። ልዩነቱ እነሱ ጥለው ይሸሻሉ፣ የጋራ ማይነሩ ግን ጥሎም ይቆያል።

በኦገስት 2014 የዶጅኮይን አልሚዎች ሐሳቡን መቀበላቸውን አስታወቁ። ለውጡ በሴፕቴምበር 11 ቀን በብሎክ ቁጥር 371,337 ላይ ሥራ ጀመረ። (መጨረሻ ላይ ያለችው 1337 የኮምፒውተር ልጆች የቆየች ቀልድ ናት። በሞት አፋፍ ላይም ሆነው ቀልድ አልተዉም።) ቀጣዩ የሽልማት ቅነሳ ብሎክ 400,000 ላይ ነበር። ሃያ ቀን ገደማ ሲቀረው ደረሱ ማለት ነው።

አንድ ሥራ፣ ሁለት ዕጣ

እንዴት ነው አንድ ማሽን ለሁለት የሚሠራው? ማይኒንግ ግምት ነው። ማሽኑ ቁጥር እየቀያየረ ይሞክራል፤ ከስሌቱ የሚወጣው ውጤት ከተቆረጠው ልክ ካነሰ አሸነፈ። የጋራ ማይኒንግ ማለት አንዲቷን የሎተሪ ቲኬት ሁለት ዕጣ ውስጥ ማስገባት ነው። ቲኬቱን የገዛችሁት አንዴ ነው፤ በሁለቱም ዕጣ ግን ይታይላችኋል።

ጠጋ ብለን አንድ ብሎክ እንይ። ፑሉ መጀመሪያ የዶጅኮይኑን ብሎክ ያዘጋጃል፤ ዝውውሮቹን ይደረድርና የዚያን ብሎክ አሻራ ያወጣል። አሻራው አጭር የቁጥር መለያ ነው። ቀጥሎ የላይትኮይኑን ብሎክ ያዘጋጃል። በእያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ የመጀመሪያው ዝውውር ማይነሩ ለራሱ ሽልማቱን የሚከፍልበት ነው። እዚያ ዝውውር ላይ የፈለጉትን የሚጽፉባት ትንሽ ክፍት ቦታ አለች። የቢትኮይን ፈጣሪ ሳቶሺ ናካሞቶ በመጀመሪያው የቢትኮይን ብሎክ ላይ የዕለቱን የጋዜጣ ርዕስ ያስቀመጠው እዚችው ቦታ ላይ ነው። ፑሉ የዶጅኮይኑን አሻራ እዚህ ይሸጉጠዋል። ከዚያ ማሽኖቹ የላይትኮይኑን ብሎክ ብቻ እንደሚሠሩ ሆነው መሞከር ይጀምራሉ።

አሁን አንድ ማሽን ጥሩ ውጤት አገኘ እንበል። ውጤቱ የላይትኮይንን ልክ ካሟላ የላይትኮይን ብሎክ ተገኘ። ያንን ባያሟላ እንኳ የዶጅኮይንን ልክ ሊያሟላ ይችላል፤ የዶጅኮይን ልክ ላላ ያለ ነው፣ ምክንያቱም የሱ ብሎክ በደቂቃ አንዴ ነው የሚፈለገው። ያኔ ፑሉ የላይትኮይኑን ብሎክ ራስጌ (የብሎኩን አጭር ማጠቃለያ)፣ የመጀመሪያውን ዝውውርና ሁለቱን የሚያያይዘውን ማረጋገጫ ይዞ ወደ ዶጅኮይን መረብ ይሄዳል። "ይኸው ሥራው ተሠርቷል፤ የእናንተ ብሎክ አሻራም ውስጡ አለ" ይላል። ዶጅኮይን አይቶ ይቀበላል። አንዱ ሥራ ለዶጅኮይን ሁለቴ እንዳይሸጥ ደግሞ መለያ ቁጥር አለው፤ የዶጅኮይን መለያ 98 ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል ላይትኮይን ምንም አያውቅም። ደንቡ አልተነካም፣ ኮዱ አልተቀየረም። ክፍት ቦታዋ ላይ የሆነ ነገር ተጽፏል፤ ለሱ ትርጉም የለውም። መቀየር የነበረበት ዶጅኮይን ብቻ ነው፣ የሌላ ሰንሰለት ሥራን እንደ ማስረጃ ለመቀበል።

ሐሳቡ የቻርሊ ሊ ፈጠራ አይደለም። ሳቶሺ ራሱ በዲሴምበር 2010፣ የኢንተርኔት ስሞች መዝገብ በብሎክቼይን ይሠራ ሲባል፣ ለብቻው መረብ ሆኖ የቢትኮይንን የማሽን ኃይል ቢጋራ ይሻላል ብሎ ነበር። በ2011 ኔምኮይን የሚባለው ኮይን ይህንኑ ተግባራዊ አድርጎ ከቢትኮይን ጋር ተጋራ። ዶጅኮይን የተከተለው ያንን መንገድ ነው።

ውጤቱ፣ ያልተጠበቀውም ጭምር

የመጀመሪያው ውጤት የታሰበው ነው። የዶጅኮይን የማሽን ኃይል በአጭር ጊዜ በብዙ እጥፍ ዘለለ። ትልልቅ የላይትኮይን ፑሎች አንድ በአንድ ገቡ፤ ላለመግባት ምክንያት አልነበራቸውም፣ የመብራት ሂሳቡ ያው ነው። በፌብሩዋሪ 2015 ብሎክ 600,000 ሲደርስ የዶጅኮይን ሽልማት 10,000 ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ አይቀንስም፣ ጣሪያም የለውም፤ በዓመት 5.2 ቢሊዮን ገደማ አዲስ ዶጅ ይወጣል። ይህ ውሳኔ ያኔ ብዙ ተሾፈበት። "ጣሪያ የሌለው ገንዘብ" ተባለ። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ሁለተኛው ውጤት ዓመታት ፈጀ። ሂሳቡን አብረን እንሥራው፤ ዋጋዎቹን ለማሳያ አጠጋግቼ ነው የምጠቀመው።

በ2020 አጋማሽ ላይትኮይን 45 ዶላር አካባቢ ነበር። በቀን 576 ብሎክ ይወጣል፣ ሽልማቱ 12.5 ነው። በቀን 7,200 ላይትኮይን፣ ማለትም 324,000 ዶላር። ዶጅኮይን ሩብ ሳንቲም ነበር። በቀን 1,440 ብሎክ፣ በየብሎኩ 10,000፤ ይህ 14.4 ሚሊዮን ዶጅ፣ ማለትም 36,000 ዶላር ነው። ከማይነሩ 10 ዶላር ዘጠኙ ከላይትኮይን፣ አንዱ ከውሻው። ዶጅኮይን ጥገኛ ነው ያለ ሰው አልተሳሳተም።

ከዚያ 2021 መጣ። ኢሎን መስክ፣ ትዊተር፣ የስልክ መገበያያ አፖች፤ ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሜይ ወር ዶጅ ከ70 ሳንቲም በላይ ደረሰ። በኋላ ብዙ ወረደ፣ ግን ወደ ሩብ ሳንቲም አልተመለሰም። በኦገስት 2023 ደግሞ የላይትኮይን ሽልማት እንደገና ተቆርጦ 6.25 ሆነ።

አሁን ላይትኮይንን 80 ዶላር፣ ዶጅን 15 ሳንቲም እናድርገው። ላይትኮይን በቀን 3,600 ኮይን ይወጣል፤ 288,000 ዶላር። ዶጅ ያው 14.4 ሚሊዮን ነው፤ 2.16 ሚሊዮን ዶላር። ከማይነሩ ገቢ 88 በመቶው ከዶጅኮይን ነው። በ2014 "መሞታችሁ ነው፣ ተጠጉ" የተባለው ቀልድ ዛሬ የታላቁን ጠባቂዎች ደሞዝ ይከፍላል። ለዚህ ያበቃው አንዱ ነገር ያ የተሾፈበት የማይቀንስ ሽልማት ነው።

ወረድ ብላችሁ የማሽን ሻጮችን ማስታወቂያ ብታዩ ነገሩ ግልጽ ነው። የቢትሜይን ኤል7 እና ኤል9 ማሽኖች "የላይትኮይንና የዶጅኮይን" እየተባሉ ነው የሚሸጡት። ለላይትኮይን ብቻ ብሎ የሚገዛ ቢኖር ሂሳብ አይችልም ማለት ነው።

ታዲያ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?

አይደለም። በኦገስት 2017 ቢትኮይን ካሽ ከቢትኮይን ተገንጥሎ ወጣ። ሁለቱም ሻ-256 ይጠቀማሉ፣ ማሽናቸው አንድ ነው። የጋራ ማይኒንግ ግን የለም፤ ማይነሩ መምረጥ አለበት። ቢትኮይን ካሽ ማሽን ሲያንሰው ክብደቱን በድንገት የሚያቀል ደንብ ነበረው። በዚህ የተነሳ ማሽኖች ሲቀል ይግተለተላሉ፣ ሲከብድ ይመለሳሉ። በኖቬምበር 2017 ብዙ ኃይል ወደ ካሽ ሲዞር ቢትኮይን ላይ ብሎክ ዘገየ፣ የዝውውር ክፍያ ናረ። በዚያው ወር ቢትኮይን ካሽ ደንቡን ቀየረና መወዛወዙ ረገበ። በኃይል ረገድ ግን ካሽ እስከዛሬ አናሳው ነው፤ ለአጥቂ የሚበቃው ማሽን ሁልጊዜ በቢትኮይን በኩል አለ። የዶጅኮይን የ2014 ችግር ሳይፈታ ቢቀር ይህን ይመስል ነበር።

መጋራቱም ብቻውን ዋስትና አይሰጥም። በጃንዋሪ 2012 ኮይልድኮይን የሚባል ትንሽ ኮይን ከቢትኮይን ጋር የጋራ ማይኒንግ ይዞ ብቅ አለ። የአንድ ቢትኮይን ፑል አስተዳዳሪ ኮይኑን ስላልወደደው፣ የፑሉን ኃይል ተጠቅሞ ገና በጨቅላነቱ አቆመው። ጥቃቱ ምንም አላስከፈለውም፤ የቢትኮይን ሥራው ሳይቋረጥ ነው ያደረገው። ኔምኮይንም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ከግማሽ በላይ ኃይሉ በአንድ ፑል እጅ ነበር፤ ሌሎቹ ለመግባት አልደከሙም። ዶጅኮይን ከዚህ የዳነው በቂ ገንዘብ ስለሚከፍል ነው። ትልልቆቹ ፑሎች ሁሉ ይፈልጉታል፣ ስለዚህ አንዱ ብቻውን አልያዘውም። የሚከፍለው ነገር የሌለው ኮይን ትልቅ ኮይን ጋር ሲጠጋ ግን የሚጠጋው ወደ ጥላው ይሁን ወደ አፉ አይታወቅም።

የኛም አገር ስም በዚህ ንግድ ይነሳል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ተዋውለው የሚሠሩ የውጭ ማይኒንግ ኩባንያዎች አሉ፤ ብሔራዊ ባንክ በክሪፕቶ መገበያየትን ባይፈቅድም። የሚሠሩት በአብዛኛው ቢትኮይን ነው፣ ማሽናቸውም ሻ-256። "ዶጅ ሲወደድ ወደሱ ያዞሩታል" የሚል ወሬ ብትሰሙ አትመኑ፤ ያ ማሽን ስክሪፕት አይችልም። ከቢትኮይን ጎን መጋራት የሚችሉት ኔምኮይንን ወይም ሩትስቶክ የሚባለውን መረብ ነው፤ እዚያ የሚገኘው ደግሞ ከቢትኮይኑ ጋር ሲተያይ ሳንቲም ነው።

ያልተፈታው

ላይትኮይንና ዶጅኮይን ማሽን ቢጋሩም ኪስ አይጋሩም። ክፍያ የሚቀበለው ሱቅ፣ ኮይን የሚገዛው ወጣት፣ አሁንም ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። በዚህ በኩል ዶጅኮይን ላይትኮይንን ክፉኛ በልጦታል፤ በገበያ ዋጋ ድምር ከ2021 ጀምሮ ከፊቱ ነው። ስለዚህ በገዢው ፊት ተቀናቃኞች፣ በማሽኑ ውስጥ ደጋፊዎች ናቸው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ጥገኝነቱ ነው። በዲሴምበር 2021 የዶጅኮይን ፋውንዴሽን የወደፊት ዕቅዱን ሲያወጣ፣ ኢቴሪየም ከሚባለው ሌላ ኮይን መሥራች ከቪታሊክ ቡተሪን ጋር በመሆን ማይኒንግ የማያስፈልገው፣ ኮይን በማስያዝ የሚሠራ አሠራር ሐሳብ ለማርቀቅ እንዳሰበ ጠቅሶ ነበር። ዶጅኮይን እስካሁን በማይኒንግ ነው ያለው። ግን ቢሆን ኖሮ ማን ነበር የሚጎዳው? ዶጅኮይን አይደለም። ከገቢያቸው አብዛኛውን በአንድ ቀን የሚያጡት የላይትኮይን ጠባቂዎች ናቸው። ላይትኮይን ደግሞ በዚያ ውሳኔ ላይ ድምፅ የለውም። የዶጅ ዋጋ ክፉኛ ቢወርድም ያው ነው፤ የላይትኮይን ተጠቃሚ አንድም ዶጅ ሳይኖረው የኮይኑ ጥበቃ ይላላበታል።

የፑሎቹም ነገር አለ። ሁለቱን ኮይኖች የሚጠብቁት በአብዛኛው ያው እነዚያው ፑሎች ናቸው። አንዱ ከግማሽ በላይ ቢይዝ በሁለቱም ላይ የፈለገውን ማድረግ ይችላል። ድሮ ዶጅኮይን ላይ ብቻ የነበረ ስጋት አሁን የጋራ ሆኗል።

የላይትኮይን ሽልማት ቀጣዩ ቅነሳ በ2027 ነው፤ 3.125 ይሆናል። ከላይ ባለው ዋጋ ብንሄድ የላይትኮይን የቀን ክፍያ ወደ 144,000 ዶላር ይወርዳል፣ የዶጅኮይን ባለበት ይቆያል። ያኔ ከማይነሩ 100 ዶላር 94ቱ ገደማ ከውሻው ይመጣል ማለት ነው። ላይትኮይን የያዘ ሰው ዶጅኮይን ወዴት እንደሚሄድ የሚከታተልበት ምክንያት ከበቂ በላይ አለው፤ ቀልዱን ባይወደውም።